የትምህርት ክፍል ምርጫና የሥራ ዕድል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የፍሬሽማን ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ሲቪል ምህንድስናን ወይስ ሶፍትዌር ምህንድስናን ልምረጥ? የተሻለ ሥራ ያለው የትኛው ነው?

መልስ፦ የሲቪል መሐንዲስ ቅጥር ከግንባታው ዘርፍ ጋር የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲንር ወይም የመንግሥት የግንባታ በጀት ሲቀንስ አዲስ ተመራቂ የሚቀበል ተቋራጭ ማግኘት ይከብዳል። በሶፍትዌር በኩል ደግሞ ቀጣሪው ከዲግሪህ ይልቅ ሠርተህ የምታሳየውን ስለሚመዝን፣ ከክፍል ውጭ በራስህ ጊዜ የማትለማመድ ከሆነ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አይረዳህም። ከመወሰንህ በፊት በጋዜጣና በቴሌግራም የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ለጥቂት ሳምንታት ሰብስብና «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ» የሚለውን ክፍል አንብብ። «0 ዓመት» የሚሉት ስንቶቹ ናቸው? የቀሩት ስንት ዓመት ይጠይቃሉ? የሥራ ቦታውስ አዲስ አበባ ነው ወይስ ክልል? ይህን ያየ ተማሪ ከጓደኛ ከሚሰማው ወሬ የተሻለ መረጃ ይኖረዋል። ምደባው በውጤትና በክፍሉ የቅበላ አቅም የሚወሰን ስለሆነም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫህን በዚሁ ጥንቃቄ ሙላ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሕክምና እንድታጠና እፈልጋለሁ፤ እሷ ግን ፋርማሲ ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የልጅዎን ፍላጎት ያክብሩላት። ሕክምና ከሌሎቹ ክፍሎች ረዘም ያለ ጊዜ፣ የሌሊት ተረኝነትና በሆስፒታል በተግባር የሚሠራበት የኢንተርን ዓመት ያለበት በመሆኑ ፈልጎ ላልገባበት ሰው እጅግ ከባድ ነው። ሐኪም እንደተመረቀ መንግሥት ወዲያው ይመድበዋል የሚለው እምነትም እንደ ቀድሞው አስተማማኝ አይደለም። ፋርማሲ የተማረ ሰው በሆስፒታል፣ በመድኃኒት ቤት፣ በመድኃኒት አስመጪና አምራች ድርጅቶች ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ሙያዎች ከምረቃ በኋላ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቁ መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ይወቁ።

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ ተመራቂ በዝቷል ይባላል። ልተወው?

መልስ፦ ከወደድሽው አትተዪው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲሠሩ ስለሚያስገድድ፣ እነዚህን ደረጃዎች አጥርቶ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል። የበዛው ዲግሪ ብቻ ይዞ የሚወጣው ነው። ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ተማሪ ሳለሽ ብትጀምሪ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴልንም በደንብ ብትለማመጂ ከብዙዎቹ ትለያለሽ።

ጥያቄ፦ በግል ኮሌጅ ለመማር አስቤያለሁ። ምን ላጣራ?

መልስ፦ ከመመዝገብህ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው እውቅና አንተ የምትማርበትን ክፍልና ካምፓስ የሚመለከት መሆኑን አረጋግጥ፤ የኮሌጁ ስም በእውቅና ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ በመውጫ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ካላመጣ የመጀመሪያ ዲግሪውን ስለማይቀበል፣ ካለፈው ዓመት ተፈታኞች ስንቱ እንዳለፉ ሬጅስትራሩን ጠይቅ።