«ደሊላም እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ አለች»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አለህ? ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ጎረቤት ያለው ሱቅ ስፒከር ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። ግማሹ ዘፈን ሴት ከሐዲ ናት፣ ኪስ አይታ ነው የምትወደው ይላል። ሌላው እውነተኛ ፍቅር ድሮ ቀረ ይላል። መጀመሪያ ስቄ ነበር የማልፈው። አሁን እጮኛዬ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ውስጤ ይታመሳል። ስልኳንም መፈተሽ ጀምሬያለሁ። ጥር ላይ በተክሊል ልንጋባ ነው። ደሊላም እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ አለች። ታዲያ ዘፋኞቹ ምን ዋሹ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አንተ» ስላልከኝ ደስ ብሎኛል፤ ድሬ አንቱታ አይሆንላትም።

ከደሊላ ልጀምር። መሳፍንት ምዕራፍ 16ን ከመጀመሪያው አንብበው። ሶምሶን ደሊላን ከማወቁ በፊት ጋዛ ወርዶ ጋለሞታ ቤት ገብቷል። ከዚያም በፊት ወላጆቹ እየመከሩት፣ ዓይኔ ወዳታለች ብሎ ከተምና ሚስት አጭቷል። ደሊላ ምስጢሩን ስትጠይቀው ሦስት ጊዜ አታለላት። ሦስቱንም ጊዜ የነገራትን ሞክራ ፍልስጥኤማውያንን ስትጠራበት አይቷል። በአራተኛው እውነቱን ነገራት! ደሊላ ስለ ብር አሳልፋ ሰጥታዋለች፣ አልክድም። ሰውየው ግን ዓይኑን ከማውጣታቸው በፊትም አላየም።

ደግሞ እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ ዲቦራ አለች። ነቢይት ናት፤ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር። ባርቅ አንቺ ካልሄድሽ ወደ ጦርነት አልሄድም ያለው እሷን ነው። ስለ ዲቦራ ሲዘፈን አልሰማሁም። ከአንድ መጽሐፍ አንዷን መርጦ ሴትን ሁሉ በእሷ መሰየም ግን ቀላል ነው። የዛሬ ዘፋኞች ብቻም አልጀመሩትም፤ «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ» ስፒከር ሳይኖርም ይባል ነበር። እንዲያውም አዳም ነው የጀመረው፤ የሰጠኸኝ ሴት ናት ያበላችኝ ብሎ። ሴቶቹም በፈንታቸው ወንድ ሁሉ አንድ ነው ይላሉ። ያው ነው።

ዘፈኑን መስማትስ? ገላትያ 5 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ እንደሚቆጥር ታውቃለህ፤ አላስረዝመውም። ከተከዳ ሰው ኀዘን ጋር ግን ጠብ የለኝም። ዳዊትም ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሏል። ግን ይህን ያልኩት በድንጋጤዬ ነው ብሎ ራሱ ይነግረናል።

ስለ ኪሱ ደግሞ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 8ን ተመልከት። ብዙ ውኃ ፍቅርን ሊያጠፋት አይችልም ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረገውን ያየ የድሬ ሰው፣ ብዙ ውኃ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ቀጥሎ፣ ሰው የቤቱን ሀብት ሁሉ ስለ ፍቅር ቢሰጥ ይንቁታል ይላል። በመጽሐፉ ፍቅር በገንዘብ አትገዛም።

አሁን ወደ አንተ። ስልኳን መፈተሽ ዛሬ አቁም። ዛሬ ምንም ባታገኝ ነገም ትፈትሻለህ። እጮኛህ ያደረገችው ነገር ካለ እሱን ጠይቃት። ከሌለ ግን የማታውቃትን ሴት ጥፋት በእሷ ላይ እየቆጠርክባት ነው። መፈተሽህንም ራስህ ንገራት፤ ከሰው እንዳትሰማው። ትቆጣ ይሆናል፣ መብቷ ነው። ከዚያ ሁለታችሁም ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ቅረቡ። በተክሊል አክሊሉ የሚደፋው በሁለታችሁም ራስ ላይ ነው፤ ሥጋ ወደሙንም አብራችሁ ነው የምትቀበሉት። ይህን ጥርጣሬ ይዘህ ጥር እንዳትደርስ።

የስፒከሩን ነገር ደግሞ ጎረቤትህን በትሕትና አናግረው። ቢያንስ ድምፁን ይቀንስልህ።