እናት ግቢ ውስጥ የኪራይ ቤት ለመስራት ላሰብሽው እህቴ

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ኮልፌ 200 ካሬ ግቢ አላችሁ። ከፊት እናትሽ የሚኖሩበት የቆየ ጭቃ ቤት አለ። አባትሽ አርፈዋል። ዱባይ ያለው ወንድምሽ ብር ልላክ ብሏል። ከኋላ ስድስት ክፍል ሰርቪስ ይሻላል ወይስ ነባሩን ቤት ፎቅ ማድረግ? እኛም አየር ጤና እናታችን ግቢ ውስጥ አራት ክፍል ሰርተን እያከራየን ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣሽ አንብቢው።

ፎቁን ቶሎ እንጨርሰው። ጭቃ ቤት ላይ ፎቅ አይወጣም። የብሎኬት ቤት እንኳ መሰረቱ፣ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢሙ (አግዳሚው) ገና ሲጀመር ለፎቅ ታስቦ ካልተሰራ አይሸከምም። ጣራ ላይ ፌሮ ቆሞ ሲታይ «ይሄ ለፎቅ የተዘጋጀ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። መሰረቱ ምን ያህል እንደወረደና ምን እንደታሰረበት ካልታወቀ የፌሮው መቆም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ያላችሁ ምርጫ ወይ አፍርሶ እንደ አዲስ ጂ+1 መስራት ነው፣ ወይ ሰርቪስ። ማፍረስ ማለት እናትሽን ከቤታቸው አውጥቶ ኪራይ ቤት ማስገባት ነው። ገንዘቡ መሃል ላይ ካለቀ ደግሞ እዚያው ይቀራሉ። በግንባታ መሃል ብር ማለቅ እዚህ ከተማ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እኔ ብሆን ሰርቪሱን እሰራለሁ። ስድስት ክፍል ግን አልሰራም።

ወደ ቁጥሩ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቤቱ የማን ነው?

«የእናቴ ቤት» ብለሻል። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ሕጉ ጋ ስትሄጂ ግን ሌላ ነው። ቤቱ በትዳር ላይ እያሉ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው። ሌላው ግማሽ የአባትሽ ነበር። ኑዛዜ ካልተዉ እሱ ለልጆቻቸው እኩል ይተላለፋል። ብዙ ሰው ሚስት የባሏን ድርሻ የምትወርስ ይመስለዋል፣ ያለ ኑዛዜ ግን ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ወንድምሽ ብር ሲልክ የሚሰራው አንቺም፣ ሌሎቹ እህትና ወንድሞችሽም ድርሻ ባላችሁበት መሬት ላይ ነው። ዛሬ ሁሉም «ይሰራ ይሰራ» ይላል። ኪራዩ መግባት ሲጀምር ነው ወሬው የሚቀየረው።

እኛ ቤት ብሩን በብዛት ያወጣው ውጭ ያለው ታላቅ ወንድማችን ነው። መሰረት ሳይቆፈር ሁላችንም ተቀመጥን፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም ነበሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የምትልከው ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? እሱ ራሱ አስቦት አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ብድር ይሁን ተባለ። ከኪራዩ መጀመሪያ የእናታችን የወር ወጪ ይነሳል። የተረፈው የወንድማችንን ብር ይመልሳል። እሱ ሲያልቅ እኩል እንካፈላለን። ይሄን ጽፈን ሁላችንም ፈረምን፣ ምስክሮችም ፈረሙ። እናታችን «በልጆቼ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብላ ቅር ብሏት ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ቆልፋ የምታስቀምጠው እሷ ናት።

የእናንተ ስምምነት ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ ይጻፍ። ካርታው አሁንም በአባትሽ ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ለሕግ ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍሉት ለጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ ከምታወጡት አይበልጥም። (ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ፦ በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤትን ለማከራየትም የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። ለመሸጥ ብቻ አይደለም።)

ፈቃድ ላይ አልቆይም። ካርታውን ይዘሽ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂጂ። ቦታው በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጀመሪያ ጠይቂ። «ከኋላ ስለሆነ ማንም አያይም» የሚል ምክር አትስሚ። ያለ ፈቃድ የተሰራ ክፍል በማንኛውም ቀን ሊፈርስ ይችላል፣ ቦታው ለልማት ቢፈለግ ደግሞ ካሳ ውስጥ አይቆጠርም።

አሁን ስድስቱ ክፍል። ሰው ሁሉ ክፍል ሲቆጥር ኪራይ ነው የሚቆጥረው። አንቺ ውሃ ቁጠሪ። ስድስት ክፍል ማለት ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰው ነው። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም ወደ 480 ሊትር ይሆናል። በፈረቃ ውሃ አራት ቀን ቢጠፋ 1,920 ሊትር። ለተከራዮቹ ብቻ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለቀ፣ እናትሽ ገና አልተቆጠሩም። ሮቶው ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ማማም ይፈልጋል፣ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ፓምፕ ይጨመራል።

ቀጥሎ ፍሳሽ። በሰፈራችሁ የፍሳሽ መስመር ካለ ተገላግላችኋል። ከሌለ ጉድጓዱ ለስንት ሰው እንደተቆፈረ ጠይቂ። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ሲጨመርበት የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ቶሎ ቶሎ መጥራት ይመጣል። መኪናው በራችሁ ድረስ ይገባል? ቱቦው ከኋላ ይደርሳል? ሰርቪሱ መንገዱን ከዘጋው በኋላ ይሄን መጠየቅ ዋጋ የለውም።

መብራትም አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱም ተከራይ እንጀራ ልጋግር ቢል አስቢው። የታሪፉ ነገር ደግሞ ፍጆታ ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ያድጋል። ሁሉም በእናትሽ ቆጣሪ ላይ ከተንጠለጠለ እሳቸውም የሚከፍሉት በውድ ተመን ይሆናል። ተጨማሪ ቆጣሪ ማመልከት ይሻላል። እስኪገባ ለእያንዳንዱ ክፍል የውስጥ ቆጣሪ ይኑር። እኛ ግቢ ስለ መብራት ሒሳብ ጭቅጭቅ የለም፣ ሁሉም የራሱን ያነባል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው አራት የምልሽ። አራት ክፍል፣ 3 በ 4 ሜትር፣ እያንዳንዱ የራሱ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው፣ በር ስር ትንሽ የማብሰያ ቦታ። ጎረቤታችን ሰባት ክፍል በአንድ ሽንት ቤት ሰርቷል። ተራ መጠበቁና «ማን ሳያጥብ ወጣ» የሚለው ጠብ አያልቅም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ በየወሩ የደላላ ድምፅ እንሰማለን። እኛ ጋ ያሉት ቶሎ አይወጡም። ባዶ የሚውል ክፍል ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

ሌላም ነገር አለ። ግቢው የእናትሽ ቤት ሆኖ መቀጠል አለበት። ለቅሶ ቢመጣ፣ ሰርግ ቢመጣ ድንኳን የት ይተከላል? ቡና የት ይፈላል? እኛ ከሰርቪሱ ፊት አምስት ሜትር ያህል ሳንነካ ተውን። ተከራዮች ደግሞ በጎን በትንሽ በር ይገባሉ፣ በእናታችን መስኮት ስር አያልፉም። ማታ አምሽቶ የሚገባ ሰው አይቀሰቅሳትም። ይሄ በር ያስወጣን ወጪ ትንሽ ነው፣ ሰላሙ ግን ሌላ ነው።

ስለ ግንባታው ጥቂት። መሬቱ ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የቆጠብሽው ብር ግድግዳ ላይ በስንጥቅ ይወጣል። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12.5 ብሎኬት ነው የሚወስደው፣ ግንበኛው የሚጠይቅሽን በዚህ አመሳክሪ። በሁለት ክፍል መሃል ያለው ግድግዳ ኮርኒስ ላይ አይቁም፣ እስከ ቆርቆሮው ይውጣ። ካልወጣ የአንዱ ክፍል ስልክ ሌላው ክፍል ይሰማል፣ ሌባም በኮርኒሱ በኩል ይሻገራል። ይሄን ፎርማኑ ካልነገርሽው ዝም ብሎ ያልፈዋል። መስኮት ወደ ጎረቤት አትክፈቱ። የጣራው ውሃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ራሳችሁ ግቢ ይውረድ፣ ጎረቤት ግንብ ላይ ከወረደ ወረዳ ትመላለሳላችሁ።

ሥራውን የእጅ ዋጋ ብቻ ስጡ፣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ መሰረት፣ ግድግዳ፣ ጣራ፣ ልስን። ሲሚንቶ አታከማቹ፣ እርጥበት ሲነካው ይጠጥራል። መሰረቱን ለአራቱም አንዴ አውጡ፣ ከዚያ ሁለቱን ብቻ ጨርሳችሁ አከራዩ። እኛ የቀሩትን ሁለቱን በመጀመሪያዎቹ ኪራይና በዕቁብ ነው የጨረስነው። አራት ግድግዳው የቆመ፣ በር የሌለው ክፍል አምስት ሳንቲም አያስገባም።

ሒሳቡን በምሳሌ ልስራው። ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው፣ በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሪው። አንዱ ክፍል እስከነ ሽንት ቤቱ 400,000 ብር ቢፈጅ አራቱ 1,600,000 ነው። እያንዳንዱ 8,000 ቢከራይ በወር 32,000። በዓመት አሥራ ሁለት ወር አትቁጠሪ። አሥር ቁጠሪ፣ የሁለቱ ወር ባዶ ለሚውልበት፣ ለጥገናና ለመሳሰለው ይሂድ። 320,000 በዓመት፣ ብሩ በአምስት ዓመት ይመለሳል። የኪራይ ገቢ ግብር ሲነሳ ትንሽ ይገፋል። ወንድምሽ «በሁለት ዓመት ይመለሳል» ብሎ ከሆነ ይሄን አሳይው። ከመጀመሪያው ኪራይ ላይ የእናትሽን ጣራ ማደስም አትርሺ፣ የልጆች ቤት አምሮ የእሳቸው ሲያፈስ ደስ አይልም።

ማከራየቱ ላይ ሕጉ እንደ ድሮው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም በፈለግሽ ጊዜ የለም፣ በዓመት አንዴ፣ በሚፈቀደው ልክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ ስትወስኑ ሰፈሩን ዞራችሁ ጠይቁ፣ ተከራይ ስትመርጡም አትቸኩሉ። ሁለት ዓመት አብራችሁ ልትኖሩ ነው። እኛ ተከራዩን መጨረሻ ላይ የምትመርጠው እናታችን ናት። ቡና ታቀርባለች፣ ታዋራለች፣ ከዚያ «ይግባ» ወይም «ይቅር» ትላለች። የባንክ ሒሳቡም በእሷ ስም ነው። ወንድምሽ ብሩ በማን ሒሳብ ይግባ ብሎ ከጠየቀ፣ በእኔ እምነት በእናትሽ።

ክረምቱን ለወረቀቱ ተጠቀሙበት፦ ወራሽነቱ፣ የቤተሰብ ስምምነቱ፣ ፕላኑ፣ ፈቃዱ። እነዚህ ካለቁ ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ላይ መሰረት ትቆፍራላችሁ። ካርታው በማን ስም እንደሆነና ስንት ልጆች ወራሽ እንደሆናችሁ ከነገርሽኝ ስምምነቱን እንዴት እንደጻፍነው በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።