መካከሉ ያለ ምሰሶ የሚቆም ጉልላት

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሲሆን ሙያዬ ግንበኝነት ነው። በሰፈራችን መስጊድ ለጁምዓ ሶላት ስንቆም ምሰሶዎቹ ሶፉን (የሰጋጆችን ረድፍ) ስለሚቆርጡት ኢማሙን ማየት የማንችል ብዙዎች ነን። የኢስታንቡልን ታላላቅ መስጊዶች በፎቶግራፍ ስመለከት ግን ያ ሁሉ አዳራሽ መካከሉ ባዶ ነው። ሲሚንቶና ፌሮ ባልነበረበት ዘመን ያን የሚያህል ጉልላት እንዴት አቆሙት? በእኛ ጥቁር ድንጋይስ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ይቻላልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ከሶፍ መጀመርዎ ትክክል ነው፤ የታላላቅ መስጊዶች ንድፍም የሚነሣው ከዚያው ነውና። ሰጋጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ፊታቸውን ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) አዙረው ስለሚቆሙ፣ ብዙ ዑለሞችም (የሃይማኖት ሊቃውንት) ያለ አስገዳጅ ምክንያት በምሰሶዎች መካከል መሰለፍን ስለማይወዱ፣ ከአርክቴክቱ የሚጠበቀው በተቻለ መጠን ሰፊና ያልተቆራረጠ ወለል በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት ነው።

ጉልላት ክብደቱን በጎባጣው ገላው በኩል ወደ ታች ያወርዳል። በላይኛው ክፍል ጡቦቹ እርስ በርስ ስለሚጫጫኑ ብዙ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ የታችኛው ዙር ግን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ካልተያዘም ይከፈታል፤ እርስዎ በሥራዎ እንደሚያውቁት ግንብ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ537 የተጠናቀቀው፣ በኢስታንቡል በቤተ ክርስቲያንነት የተሠራው የአያ ሶፍያ ጉልላት በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ በ558 ከተናደ በኋላ፣ ሁለተኛው ጉልላት ከቀድሞው ስድስት ሜትር ገደማ ከፍ ተደርጎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጉልላት ይበልጥ ቀጥ ባለ ቁጥር ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ የኦቶማን ቱርኮች ዋና አርክቴክት የነበረው ሚማር ሲናን ይህንኑ ችግር ወርሶ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታው ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1550 እስከ 1557 በኢስታንቡል ባሠራው የሱለይማንያ መስጊድ፣ ስፋቱ ወደ 27 ሜትር፣ ከወለሉ ያለው ከፍታ ደግሞ 53 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ጉልላት ያረፈው በአራት ግዙፍ ዓምዶች ላይ ነው። በቂብላና በመግቢያው በኩል የሚመጣውን ግፊት ሁለት ግማሽ ጉልላቶች ይቀበሉታል፤ በቀሩት ሁለት ጎኖች ያሉትን ከባድ የግንብ ድጋፎች ደግሞ ሲናን በግድግዳው ውፍረት ውስጥ አስገብቶ፣ በሰገነትና በበረንዳ ስለሸፈናቸው ተመልካች በቀላሉ አይለያቸውም። በአራቱ ዓምዶች አናት ላይ ከጣሪያው በላይ ብቅ ያሉት ትናንሽ ማማዎች ለጌጥ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ዓምዱን ከላይ ተጭነው ወደ ጎን የሚሄደውን ግፊት ወደ መሬት ማዞር ነው። ብረትም ጨርሶ አልጠፋም፤ ጥርብ ድንጋዮቹ ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ በታሰሩ የብረት ቁልፎች ተያይዘዋል። የተፈጨ ሸክላ የተቀላቀለበት የኖራ ጭቃም ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ግንቡ እስኪደላደል ድረስ አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ለጎንደር አንባቢ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። የዚህ መስጊድ የግንባታ ወጪና የሠራተኛ መዝገብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ ከሙያተኞቹ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያኖች እንደነበሩ ያሳያል።

የእርስዎን ጥያቄ በሙሉ የሚመልሰው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ሲናን በሰማንያ ዓመቱ ገደማ በኤዲርኔ ያሠራው የሰሊምያ መስጊድ ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ ስልሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በተጠናቀቀው በዚህ መስጊድ፣ 31 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉልላት ያረፈው በስምንት ዓምዶች ላይ ነው፤ ዓምዶቹም ወደ ግድግዳው ተጠግተው ስለቆሙ ሰጋጁ ከየትኛውም ሥፍራ ሆኖ ሚህራቡን (ቂብላን የሚያመለክተውን የግድግዳ ጎድጓዳ ሥፍራ) ለማየት ብዙ አይቸገርም። ሱለይማንያ በግርማው ይበልጥ ይሆናል፤ ሰሊምያ ግን ለሶፉ ይበልጥ ያስባል፣ እኛም ስለዚህ እናስቀድመዋለን።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ እንመለስ። በፋሲል ግንብ አራት ማዕዘኖች ባሉት ክብ ማማዎች ላይ የሚታዩት ጉልላቶች በድንጋይና በኖራ መሥራት ለአገራችን ግንበኛ እንግዳ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። ነገር ግን እነዚያ ጠባቦች በመሆናቸው ግፊታቸውን ወፍራሙ የማማው ግድግዳ ብቻውን ይችለዋል፤ ሃያና ሠላሳ ሜትር የሚሸፍን ጉልላት ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ጫናን አሳምሮ ይችላል፣ ክብደቱ ግን ብዙ ነው። ሲናንም ዓምዶቹን በጥርብ ድንጋይ ቢያቆምም ጉልላቱን የሠራው ቀለል ባለ ጡብ ነው፤ ከላይ ያለበሰውም በእርሳስ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ለዓምድና ለግድግዳ ማዋል፣ ጉልላቱን ደግሞ በስስ አርማታ መሥራት ይሻላል፤ ዛሬ በጉልላቱ ሥር ዙሪያውን የሚታሰረው የፌሮ ቀለበት ሲናን በግማሽ ጉልላትና በድጋፍ ግንብ ያደረገውን ሥራ ያከናውናል። ሥሩ በምሰሶ የተሞላ ጠፍጣፋ ጣሪያ ሠርቶ ከላዩ ትንሽ ጉልላት ማስቀመጥ ግን፣ በየቦታው ቢዘወተርም፣ ለሰጋጁ የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ አንደግፈውም፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ምሰሶዎቹን ለመቀነስ ቢውል ይመረጣል።

ሕንፃውን ለማደስ ወይም አዲስ ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ፣ ከጎንደር ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘነብል፣ ቦታው ከፈቀደ አዳራሹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሰፋ አድርጉ፤ ሶፎቹ ይረዝማሉ፣ ከኢማሙ በጣም የሚርቀውም ሰው ያንሳል። ለአንድ ሰጋጅ በስፋት 60 ሴንቲ ሜትር፣ በርዝመት 1 ሜትር ከ20 መድባችሁ የወለሉን ልክ ከወሰናችሁ በኋላ የጉልላቱን መጠን መሐንዲሱ ያስላ። ቦታው ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ፣ ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ የአፈር ምርመራው ተሠርቶ ውጤቱ ሳይታወቅ መሠረት አታስቆፍሩ።