ከሥራው በኩል ይጀመር፦ ስለ ሙያ ስልጠናና ስለ ጎልማሶች ትምህርት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ በሙያ ስልጠናና በጎልማሶች ትምህርት ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ሥራ ፈላጊዎች፣ ወላጆችና የዕድር ኃላፊዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም አብዛኞቹ የሚነሱት «የትኛውን ሰርተፍኬት ልያዝ?» ከሚል ሐሳብ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ወደ ሌላ ጥያቄ እመልሳችኋለሁ፤ እርሱም «በዚህ አካባቢ ማን፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ በምን ያህል ክፍያ ያሠራል?» የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ስሆን ትምህርቴን ከ7ኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ቶሎ ገቢ የሚያስገኝ ምን ልሠልጥን? ጎረቤቶቼ የፀጉር ሥራ ይሻላል ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የፀጉር ሥራ ጥሩ ሙያ ነው፤ ለአንቺ ይሁን አይሁን ግን ከጎረቤት ምክር የሚታወቅ አይደለም። ከመመዝገብሽ በፊት በምትኖሪበት ቀበሌ ያሉትን የሴቶች ፀጉር ቤቶች ዞረሽ ተመልከቺ፤ ባለቤቶቹንም ሠራተኛ ይፈልጉ እንደሆነ፣ በደመወዝ ወይስ በፐርሰንት እንደሚከፍሉ፣ አዲስ ገቢ ሠራተኛ ደንበኛ እንድትነካ እስኪፈቀድላት ድረስ ምን ያህል እንደምትቆይ ጠይቂያቸው። ይህንኑ በልብስ ስፌት ቤቶችና በምግብ ቤቶችም አድርጊው። የሆቴል ሥራ በባህር ዳር ከእንግዳው ጋር የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን አትርሺ፤ በጥምቀት ሰሞን የሚፈለገው ሠራተኛ እንግዳ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰናበተው ነው። ለግንባታ ሠራተኞችና ለነጋዴዎች ምሳ የሚያቀርብ ቤት ግን ክብሩ ዝቅ ያለ ቢመስልም ገቢው የተረጋጋ ነው።

ወደ ማሠልጠኛው ስትሄጂ ደግሞ ከክፍያው በፊት የተግባር ልምምዱን ጠይቂ። አንድ የስፌት ማሽን ለአምስት ሠልጣኝ ከደረሰ፣ የሦስት ሰዓት ልምምድ ለአንቺ 36 ደቂቃ ብቻ ነው። ስልጠናው ሲያልቅ ብቻሽን ልኬት ወስደሽ፣ ጨርቁን ቆርጠሽና ሰፍተሽ አንድ ሙሉ ልብስ የማታስረክቢ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ይዘሽ ትወጫለሽ እንጂ ሙያ ይዘሽ አትወጪም። ልጆችሽን የሚይዝልሽ ሰው ጉዳይም ከምዝገባው በፊት ይለቅ፤ ብዙ እናቶች ስልጠናውን አቋርጠው የሚወጡት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት ልጅ ታሞባቸው ነው። ልጆቻችሁን ተራ በተራ አብራሽ የምትጠብቅ አንዲት ሌላ እናት ብታገኚ የማመልከቻውን ያህል ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ ለ9 ዓመታት በግንበኝነት ሠርቻለሁ፤ ምንም ማስረጃ የለኝም። ኮሌጅ ሳልገባ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። የብቃት ምዘናው የሚጠይቀው ሙያውን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ነው እንጂ ከየት ተማርከው ብሎ አይደለም። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ሁለተኛው ውጤት ቢገጥምህ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ የጎደለህን አሟልተህ እንደገና ትመዘናለህ።

እንዳንተ ያሉ ባለ ልምዶች የሚቸገሩት በእጃቸው አይደለም። ቱንቢ ጥሎ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ ሰው፣ ፕላን ሲሰጠውና «ይህ ግድግዳ ስንት ብሎኬት ይፈጃል?» ተብሎ በጽሑፍ ሲጠየቅ ይደናገጣል። ስለዚህ ይህን በቤትህ ተለማመድ። 5 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 15 ካሬ ሜትር ነው፤ ፊቱ 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ከነማያያዣው በካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ስለሚገባ፣ 188 ገደማ ብሎኬት ያስፈልጋል፤ የሚሰበረውን ጨምረህ ታዝዛለህ። በልምድ «ሁለት መቶ አምጡ» ስትል የኖርከው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ የሚጎድልህ ያንን ዕውቀትህን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። በተግባሩ ክፍል ደግሞ የራስ ቁርና የደህንነት ጫማ ሳታደርግ ሥራ አትጀምር፤ መዛኙ ይህንንም ያያል። በማመልከቻው ላይ የምትጽፈው ስም ከመታወቂያህ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን አረጋግጥ።

ሰርተፍኬቱ የቀን ክፍያህን በማግስቱ ያሳድገዋል ብዬ ግን አልነግርህም። የሚጠቅምህ ሕጋዊ ተቋራጭ ዘንድ ስትቀጠር፣ ወይም ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅተህ ሥራ በኮንትራት ስትይዝ ነው።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ዓሣ እየበለትን የምንሸጥ ሴቶች ነን። ፊደል አልቆጠርንም። አንድ ጊዜ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዝግበን ትተን ወጥተናል። በዚህ ዕድሜ መማሩ ምን ይጨምርልናል?

መልስ፦ እናቶቼና እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ በረጅሙ መመለስ የምፈልገው የእናንተን ነው።

ሀገራችን ጎልማሶችን በማስተማር ታሪክ አላት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ሆኖም ከተማሩት ብዙዎች ፊደሉን መልሰው ረሱት፤ ምክንያቱም በየዕለት ኑሯቸው የሚያነቡትና የሚጽፉት ነገር አልነበረም። ኋላ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የተባለው መርሐ ግብር የታሰበው ይህን ለማረም ነው፤ ማንበቡ፣ መጻፉና ስሌቱ ሰው ከሚተዳደርበት ሥራ ጋር ተሳስሮ እንዲሰጥ ነው። እናንተ ትታችሁ የወጣችሁት ትምህርት ይህን ሳያሟላ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም ጀልባው ዓሣ ይዞ በሚገባበት ሰዓት ተቀምጣችሁ እንድትማሩ ተጠይቃችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የሚያስተምራችሁን አመቻች «ሰዓቱን ከገበያችን በኋላ አድርግልን፣ ትምህርቱንም በዓሣችን አስጀምርልን» ማለት መብታችሁ ነው።

በዓሣ መጀመር ስል እንዲህ ማለቴ ነው። 10 ኪሎ ቆሮሶ፣ ኪሎውን በ100 ብር ገዛችሁ እንበል፤ 1,000 ብር ወጥቷል። ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚተርፈው ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ስለሆነ፣ 3 ኪሎ አገኛችሁ። ፊሌቶውን ኪሎውን በ300 ብር ስትሸጡ በገዛችሁበት ሦስት እጥፍ የሸጣችሁ ይመስላችኋል፤ እጃችሁ የገባው ግን 900 ብር ነው። የበረዶው፣ የባጃጁና የላስቲኩ ወጪ ገና ሳይቆጠር 100 ብር ከስራችኋል። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ ይዛ ስትበልት የዋለች ሴት ማታ ገንዘቧ ለምን እንዳነሰ ሳይገባት ወደ ቤቷ የምትሄደው በዚህ የተነሳ ነው። ይህን ስሌት በራሷ እጅ ጽፋ ያገኘች ሴት ግን በማግስቱ ዋጋዋን ታስተካክላለች፤ ያገኘችውንም አትረሳውም፣ በየቀኑ ትሠራበታለችና።

ሁለተኛው ትምህርታችሁ የዱቤ መዝገብ ይሁን። ምግብ ቤቶች በዱቤ ሲወስዱባችሁ ቀኑን፣ ኪሎውንና ዋጋውን በደብተር አስፍራችሁ ተቀባዩን አስፈርሙ። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የጥቂት ደንበኞች ስም፣ ቁጥርና «ተከፈለ» የሚለው ቃል ነው። ሙሉውን ፊደል እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ ከምትፈልጉት ቃል ጀምሩ፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዕድሜን በተመለከተ፣ ለዓመታት የብዙ ደንበኛ ሒሳብ በቃል ይዛ የኖረች ሴት የማስታወስ ችግር አለባት ብሎ ማን ሊናገር ይችላል?

ጥያቄ፦ ዲግሪ ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ አላገኘሁም። ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመልሼ በደረጃ ብማር ሰው ምን ይለኛል?

መልስ፦ ሰው የሚለውን ይላል፤ የቤት ኪራይህን ግን አይከፍልልህም። ባህር ዳር የትምህርት ከተማ የሆነችው በእጅ ሙያ ጀምራ ነው። ዛሬ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ያስተምር የነበረው ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨት ሥራና የመሳሰሉትን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ይህ ተቋምና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ነው። እንዲያውም ዲግሪህ ትርፍ ይሆንሃል፤ በከተማችን ጥሩ ብየዳ የሚበይድ ሞልቷል፤ የዋጋ ማቅረቢያ አዘጋጅቶ፣ ጨረታ ሰነድ አንብቦ፣ ደረሰኝና ግብሩን በሥርዓት የሚይዝ ባለሙያ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን አጣምር።

ጥያቄ፦ ኮሌጁ ለትብብር ስልጠና ወደ ድርጅት ልኮኛል፤ ድርጅቱ ግን ከማጽዳትና ዕቃ ከመሸከም በቀር አያሠራኝም።

መልስ፦ በመመሪያ ደረጃ ከስልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን የታሰበ በመሆኑ፣ ይህ ጊዜ ባከነ ማለት አብዛኛው ስልጠናህ ባከነ ማለት ነው። ማጽዳቱን አትናቀው፣ የሙያው አካል ነው፤ ነገር ግን የየቀኑን ሥራህን በማስታወሻ ያዝ፤ ከስልጠና ዝርዝሩ ውስጥ ያልነካኸውን ምልክት አድርግበትና ለአሠልጣኝህ በጽሑፍ አቅርብ። ለድርጅቱ ኃላፊም «ሥራ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «ነገ ይህችን አንዲት ሥራ እርስዎ እያዩኝ ልሞክር» በለው።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ ፋብሪካ አስቀጥርሃለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን የሚተረጉመው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ የማይቀበል ብሎ ነው። የመንግሥት የሥራ ጽሕፈት ቤት ምዝገባም በነጻ ነው። ስትቀጠርም የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ እንደማይችል፣ ውሉም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ በጽሑፍ ሊሰጥህ እንደሚገባ እወቅ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት የእህቴ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ሙያ እየለመደ ነው። እስከ ምሽት ያቆዩታል። ልተወው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁ ሙያ መልመዱ መልካም ነው። ሕጉም ከ15 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ የተከለከለ ነው። ባለ ጋራዡን በሽማግሌ ወግ አነጋግረው ሰዓቱን ያስወስኑ፤ ልጁም የማታ ትምህርቱን እንዲቀጥል ያድርጉ። የመኪና መመሪያ ማንበብና መለኪያ መሣሪያ መጠቀም የማይችል መካኒክ ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከቀያችን ተፈናቅለን ስንመጣ የትምህርት ማስረጃዬ ጠፋ። እንደገና ከአንደኛ ልጀምር?

መልስ፦ አያስፈልግሽም። የተማርሽበት ትምህርት ቤት ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የውጤት መዝገብ ካለው ምትክ ማስረጃ ይጠየቃል፤ የብቃት ምዘና ወስደሽ ከሆነም የመዘነሽ ተቋም መዝገብ ይኖረዋል። መዝገቡ ራሱ ከጠፋ፣ ያለ ወረቀት ብቃትሽን የምታሳዪበት መንገድ ምዘናው ነውና ለግንበኛው የሰጠሁትን መልስ ተመልከቺ። እስከዚያው በአጫጭር ስልጠናዎች መመዝገብ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ዕድራችን ለሠፈሩ ሴቶች የስፌት ማሠልጠኛ ሊከፍት አሥር ማሽን ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የዕድር አባላት ሆይ፣ አሳባችሁ የተከበረ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንድትለውጡ እለምናችኋለሁ። ከማሽኑ በፊት ትዕዛዙን ፈልጉ። የአካባቢያችሁ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም የሚያሰፉት የት ነው? ሆቴሎች አንሶላና ሽርጥ ከማን ይገዛሉ? የዩኒፎርም ሥራ ከነሐሴ እስከ መስከረም ተጨናንቆ ሌላውን ጊዜ ይቀዘቅዛልና በቀሪዎቹ ወራት ምን እንደሚሰፋ አስቀድማችሁ አስቡ።

ቀጥሎ ቀበሌያችሁ ውስጥ ካሉ ስፌት ቤቶች ጋር ተነጋገሩ። እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ሴት ቢቀበል፣ ዕድሩም ክር፣ መርፌና የመለማመጃ ጨርቅ ቢሸፍን፣ ባለቤቱንም ለማስተማሩ ጥቂት ቢከፍለው፣ አሥር ሴቶች እውነተኛ ደንበኛ ባለበት ቦታ ይማራሉ፤ ማሽን መጠገን፣ መብራት መጥፋትና አሠልጣኝ መቅጠርም የእናንተ ራስ ምታት አይሆንም። ተማሪዎቹ ሲጨርሱ ከመካከላቸው ለብቻ መሥራት የሚፈልጉት ተለይተው ይታወቃሉ፤ ማሽን የሚገዛው ያን ጊዜ ለእነርሱ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር በእግር የሚሠራው ይመረጥ። አሥሩም ስልጠናውን ካጠናቀቁ ከስድስት ወር በኋላ የት እንዳሉ ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ አንድ የኮሚቴ አባል ከአሁኑ መድቡ። የሰበሰባችሁት ገንዘብ እስከዚያ ባንክ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁም የማሽን ዋጋ ሳይሆን ተማሪ ሊቀበሉ የተስማሙ ስፌት ቤቶችን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ።