ዳሲያ ጆገር ሰባት ሰው ጭና ደንገጎን ትወጣለች ወይ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለ 1.0 ሊትር ቱርቦ ሞተሯ የቤት መኪና ዳሲያ ጆገር ሰባት የቤተሰብ አባላትን ጭና ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ሐረር መውጣት ትችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ትችላለች፤ ነገር ግን አነዳዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሞተሯ ሦስት ሲሊንደር ብቻ ቢኖረውም 110 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኙ መንገዱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ጊዜ ሲደክም፣ ይህኛው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። ሆኖም ቱርቦው በደንብ የሚሠራው ሞተሩ በቂ ዙር ሲኖረው ስለሆነ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ከከባድ መኪና ኋላ ሲዘገዩ ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት ማርሽ ይቀንሱ። ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙም ወዲያው አያጥፉት፤ የጋለው ቱርቦ በዘይቱ እንዲቀዘቅዝ ነዳጅ ሳይረግጡ ጥቂት በሚኒሞ ይሥራ። ዘይቱን በጊዜው መቀየር ለቱርቦ ሕይወቱ ነውና እባክዎ አያዘግዩት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዕቃው ነው፤ ሰባቱም ወንበሮች ሲያዙ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ 160 ሊትር ብቻ ስለሆነ ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ሰው ሲያንስ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ወንበሮች ተነቅለው ይወጣሉ።

ከውጭ ላስመጣ ያሉትን ግን ይተዉት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መኪናዋ አገር ውስጥ ያለች፣ ሰሌዳና ሊብሬ የወጣላት መሆኗን በአካል ያረጋግጡ።