ጠላት ሲገደል እልል ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታናሽ እህቴ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። በ2017 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የሚዋጋው የሊባኖስ ታጣቂ ቡድን የሂዝቦላ መሪ ሐሰን ነስረላህ በመስቀል ዕለት በእስራኤል የአየር ድብደባ መገደሉን በማግስቱ ስንሰማ፣ «በቃ፣ ጦርነቱ አለቀ» ብለን ቤታችን እልል አልን። ቡና ሊጠጡ የመጡ ሙስሊም ጎረቤታችን ግን ብድግ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለንም። እኔ እስካሁን ዳዊት ስደግም «የሚዋጉኝን ተዋጋቸው» የሚለውን እነዚያን የሂዝቦላ ሰዎች እያሰብኩ ነው። ዳዊት ራሱ ጠላቶቹን ይረግም የለ? ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቦምብ በሚወርድበት ከተማ እህት ያላት ሰው ብትጨነቅ ማንም አይፈርድባትም። እፎይ ማለትሽም ይገባኛል። ሰው ሞተ ብሎ እልል ማለት ግን ሌላ ነው። ያውም በመስቀል ማግስት! ለሰቀሉት «ይቅር በላቸው» ያለውን ጌታ መስቀል አክብረን ገና ሳንጨርስ።

«ዳዊትም ይረግም የለ?» የሚለውን ስንቴ እንደሰማሁት። በአጥር የተጣላው፣ ከአለቃው የተኳረፈው፣ ሁሉም ዳዊቱን ይዞ ይመጣል። ችግሩ መዝሙር 34ን ትጀምሩትና መጀመሪያው ላይ ትቆማላችሁ። ትንሽ ውረጂ። «እኔስ እነርሱ በታመሙ ጊዜ ማቅ ለበስሁ፥ ነፍሴንም በጾም አደከምኋት» ይላል። ያው መዝሙር ነው፣ የሚያወራውም ስለ እነዚያው ጠላቶቹ ነው። ዳዊት ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ እሱ ማቅ ለበሰ። እኛ ማቁን ትተን ፍርዱን ያዝን።

በተግባርስ ምን አደረገ? 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን አንብቢ። አበኔር የሳኦል ቤት የጦር አዛዥ ነበር፤ ከዳዊት ሰዎች ጋር ሲዋጋ የኖረ። በመጨረሻ ሊታረቅ መጣ፣ ዳዊት ቤት ግብዣ በልቶ በሰላም ተሸኘ። ኢዮአብ ግን ወንድሙን አሣሄልን ስለገደለበት ቂም ይዟል። ዳዊት ሳያውቅ አስመለሰው። ኬብሮን በር ላይ ምሥጢር የሚነግረው መስሎ ፈቀቅ አደረገውና ሆዱን ወጋው። በዛሬ ዜና ቢሆን «የጠላት አዛዥ ተወገደ» ይባል ነበር። ንጉሡ ግን ከቃሬዛው ኋላ እያለቀሰ ሄደ፤ ፀሐይ ሳትገባ እህል አልቀምስም ብሎ ማለ። ኢዮአብንም ከሕዝቡ ጋር ማቅ ልበስ አለው። ገዳዩን ነው እንግዲህ! ሕዝቡም ግድያው ከንጉሡ እንዳልሆነ ያን ቀን ዐወቀ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሁለቱ ቤት ጦርነት ዳግም ያልተቀጣጠለው በዚያ ለቅሶ ነው።

«አለቀ» ማለትም የተለመደ ስሕተት ነው። በየካቲት 1984 ዓ.ም. እስራኤል የዚያን ጊዜውን የሂዝቦላ መሪ አባስ አል ሙሳዊን ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር በመኪና ሲሄድ ከሄሊኮፕተር መትታ ገደለችው። ማን ተተካ? ይኸው ነስረላህ። 32 ዓመት መራ። እሱም በተገደለ በአራተኛው ቀን የእስራኤል እግረኛ ጦር ሊባኖስ ገባ፤ በዚያው ቀን ኢራን 180 ያህል ሚሳይል ወደ እስራኤል ተኮሰች። አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሲሸሹ መንገድ ላይ ካደሩት ውስጥ የኛ ልጆች ነበሩ። የተኩስ አቁሙ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ነስረላህ ጻድቅ ነበር አላልኩም። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ፤ ጌታ ራሱ ብሎታል። ግን ያው አምላክ በሕዝቅኤል «ኃጢአተኛው ይሞት ዘንድ አልፈቅድም» ይላል። እሱ ባልፈቀደው እኛ ምን ሆነን ነው የምንጨፍረው?

ጎረቤትሽም የሂዝቦላ ደጋፊ ስለሆኑ የወጡ አይምሰልሽ። ድሬ ውስጥ ለቅሶም ሠርግም አብረን ነው። ቁልቢ ስንሄድ ቤት ጠብቁልን የምንለው እነሱን ነው። በሰው ሞት ሲጨፈር አይቶ ያልከፋው ሰው ካለ ያስፈራል።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ቀኖናውን እሳቸው ያውቃሉ። ዳዊቱን አታቋርጪ፤ 34ን ግን እስከ መጨረሻው ድገሚው፣ ጠላት ሲልም ዲያብሎስን አስቢ። የእህትሽን የክርስትና ስም ጥሪ፤ ለምታሳድጋቸው ለአሠሪዎቿ ልጆችም ጸልዪ፤ ቦምቡ ሲወርድ አብረው ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን መባሽን ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ ተብለሻልና ጎረቤትሽ ቤት ሂጂ። ይጠሩኛል ብለሽ አትጠብቂ። ቡናውን ያዢና ዛሬውኑ አንኳኪ።