መልስ፦ ወደ ዊንዶውስ 11 ካሳደግኩት ወዲህ ላፕቶፔ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ቪዲዮ ስትከፍት ሰማያዊ ገጽ እያሳየ እንደሚጠፋ ጽፈሃል። ለጥገና ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እባክህ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ምስል የሚያወጣውን የላፕቶፑን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ተመልከት፤ ከማሻሻያ በኋላ አሮጌው ድራይቨር ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አለመስማማቱ የተለመደ ነው። ለሞዴልህ የተዘጋጀውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደህ ጫን። እኔን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

በሰማያዊው ገጽ ላይ የሚወጣውን የስህተት ኮድም በስልክህ ፎቶ አንስተህ ላክልን፤ ያለ እሱ የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው።

ሰማያዊ ገጽ ሳይወጣ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሙቀትን ጠርጥር። በድሬዳዋ ግንቦት አቧራ የደፈነው ማራገቢያ አይችለውም። የእኔን ስከፍተው አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮበት ነበር።

ካሳደግከው 10 ቀን ካልሞላው ከቅንብሮች ወደ ቀድሞው መመለስ ትችላለህ። መጀመሪያ ግን ፋይሎችህን በፍላሽ ገልብጥ።